ስም ስለ መመለስ

ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በበለሳ አገር፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው አንድ አምባ አለ፤ ስሙም ወህኒ ይባላል። የጎንደር ነገሥታት ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ፣ ለዙፋን የሚያሠጓቸውን ወንድሞቻቸውንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን በዚህ አምባ ላይ እያወጡ በጠባቂ ያኖሯቸው ነበር። ከጊዜ ብዛትም የተነሣ የአምባው ስም የእስር ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። አምባው የሚወጣበት ሆኖ ሳለ ቋንቋችን ስለ ታሰረ ሰው ሲናገር «ወህኒ ወረደ» ይላል። ይህም አነጋገር በአጋጣሚ የመጣ አይመስለንም፤ ሕዝቡ ያሰበው የሥፍራውን ከፍታ ሳይሆን የሰውዬውን ስም መውረድ ነውና።

ከዚህ አምባ ላይ ከታሰሩት አንዱ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ልጅ በካፋ ነበሩ። በካፋ ከአምባው አምልጠው ከኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ተጠግተው ከኖሩ በኋላ ተያዙ፤ ዳግመኛም ለንግሥ እንዳይታሰቡ ተብሎ ከአካላቸው ጥቂት እንደ ተቆረጠ ይነገራል። ይሁን እንጂ ወንድማቸው ዐፄ ዳዊት በሞቱ ጊዜ፣ በ1713 ዓ.ም.፣ ከእስር ተፈትተው ዙፋን ላይ ተቀመጡ፤ እስከ 1723 ዓ.ም. ድረስም ገዙ። ባለቤታቸው እቴጌ ምንትዋብም በጣና ውስጥ በደቅ ደሴት ላይ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እኒያ ዝነኛ ንግሥት ናቸው።

ይህን ታሪክ ማስቀደማችን ስለ ነገሥታቱ ለመተረክ አይደለም። ለመንግሥት ሹመት እንዳይበቃ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ሰው ከሹመት ሁሉ ወደሚበልጠው መድረሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ስለ ሆነ ነው። ልዑሉ ምልክታቸው ተረሳላቸው። ታዲያ ልዑል ያልሆነው ሰው፣ በሬ ሰርቆ ወይም ሰው አቁስሎ የተቀጣው ድኻ፣ ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ እርሻውና ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ ነበረውን? ዛሬስ አለውን? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው።

ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር እብን አል አሳል በተባለ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ ተሰናድቶ፣ ኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ ለብዙ መቶ ዓመታት የአገራችን ዳኞች መመሪያ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በዚህ መጽሐፍ ከሌባ ቅጣቶች መካከል እጅ መቁረጥ ይገኛል። ቅጣቱም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ በተግባር ይታይ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ቅጣት ጭካኔ ለጊዜው ወደ ጎን እንተወውና ሌላውን ባሕርዩን እንመልከት። በዚያን ጊዜ የፍርድ መዝገብ የለም፤ የጣት አሻራ የሚያነሣ መሥሪያ ቤትም የለም። መዝገቡ የሰውዬው አካል ነበር። የተቆረጠ እጅ የማይፋቅ ጽሕፈት ነው፤ ባለቤቱ ከጎጃም ተነሥቶ ቤጌምድር ቢገባ፣ ከማያውቁት ሰዎች ዘንድ ቢደርስ፣ ገና ሰላምታ ሲሰጥ ይነበብበታል። ደግሞም አንድ እጅ የሌለው ሰው ሞፈር ሊጨብጥ፣ መወርወሪያ ሊወረውር አይችልም። ስለዚህ ፍርዱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይወስድበት ነበር፤ ስሙንና ሥራውን።

ይህ ከሆነ ዘንድ የቀድሞው ኅብረተሰብ ለበደለኛ ሁሉ ደጁን ዘግቶ ነበር ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ሁለት በሮች ነበሩ።

የመጀመሪያው መማጸኛ ነው። በጣና ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ ያሉት ገዳማት ጥንት የነገሥታት ዐፅምና የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት የሚጠበቁባቸው ብቻ አልነበሩም፤ የሸሸ ሰው የሚያርፍባቸውም ነበሩ። ከሁሉም ይልቅ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረችው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ በመሆኗ፣ ብዙ ነጋዴ የሚኖርባት ከተማና ስመ ጥር መማጸኛ ለመሆን በቃች። ከንጉሥ ቁጣ የሸሸው፣ ደም ያለበት፣ ዕዳ ያሳደደው፣ ሁሉም ከዚያ ይጠጋ ነበር። ነገር ግን መማጸኛ የሚያድነው ነፍስን እንጂ ስምን አይደለም። የተማጸነው ሰው ከቅጥሩ ውስጥ ሳለ ማንም አይነካውም፤ ከቅጥሩ በወጣ ጊዜ ግን ያው የቀድሞው ሰው ነው። ወደ መንደሩ ተመልሶ እንዲያርስ፣ እንዲነግድ፣ ልጁን እንዲድር የሚያስችለው ነገር ከመማጸኛው አያገኝም።

ሁለተኛው በር እርቅ ነው፤ ይህም ከፊተኛው የበለጠ ጥልቀት አለው። ሰው የገደለ ሰው አገር ጥሎ ከሄደ በኋላ ዘመዶቹ ሽማግሌ ይልካሉ፤ የሟች ወገን እምቢ ሲል ይለመናል፤ በመጨረሻም ካሳ ተቈርጦ፣ መሓላ ተፈጽሞ፣ ደሙ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ የደረቀውን ደም እንደ ገና የሚያነሣ ሰው፣ በደለኛው እርሱ ይሆናል። የቀድሞውን በደል ማስታወስ ራሱ በደል የሚሆንበት ሰዓት አለ፤ አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለንና።

እርቅ ግን ወሰን አለው። የሚሠራው ሰዎች በሚተዋወቁበት መንደር ነው። ሽማግሌውም፣ የሟች ወገንም፣ ገዳይም በአንድ ደብር የሚሳለሙ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ መሆን አለባቸው። ሰው ከማይታወቅበት ከተማ ገብቶ በደመወዝ የሚያድርበት ዘመን ሲመጣ ሽማግሌው የት ይገኛል?

ያ ዘመን ለባሕር ዳር የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ባሕር ዳር ከዚያ በፊት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች፣ ደንገል ታንኳ የሚቀዘፍባት፣ ዓሣ የሚጠመድባት ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኢጣልያ ስለ ጦርነቱ በከፈለችው ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራላት፤ በዚያው ዐሥር ዓመት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተባት፤ በዐባይ ላይ ድልድይ ተዘረጋላት። ከጎጃምና ከቤጌምድር ገጠር ወጣቱ ወደ ፋብሪካው ደጅ ጎረፈ። በደጁም ላይ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ጥያቄ ይጠብቀው ነበር፤ «ማን ነው ተያዥህ? ከዚህ በፊትስ ተከሰህ ታውቃለህን?»

ተያዥ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። አሠሪው ሠራተኛውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ስለ እርሱ ሆኖ የሚያዝ ሌላ ሰው ይፈልጋል። እስራት የጨረሰ ሰው ግን ዘመዱ ሸሽቶታል፣ ጎረቤቱ ፈርቶታል፤ ተያዥ የሚሆነው ከየት ያመጣል? ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ በሕጋችን ፍርድ ቤት በዋናው ቅጣት ላይ አክሎ ከሕዝባዊ መብቶች ሊሽረው መቻሉ ነው። ከእነዚህም መብቶች አንዱ በሰነድ ላይ ምስክር ወይም ዋስ መሆን ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ዋስ ያጣ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ዋስ መሆን የማይችል ይሆናል። በአገራችን ከዋስትና ሰንሰለት የወጣ ሰው ከሰው ቍጥር እንደ ወጣ ያህል ነው።

ይህን ችግር ሕግ አውጪው አስቀድሞ ተመልክቶት ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣትን በልክና በደረጃ ለመወሰን የተደረገ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ አዲስ ሕግ አስፈለገ። የዚህ ሕግ ረቂቅ የተሰናዳው የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር በነበሩት በስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነው። ሕጉ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታወጀ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ደግሞ በሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955፣ የተባበሩት መንግሥታት በዚያው በጄኔቭ ከተማ ባደረገው ጉባኤ ስለ እስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንቦች ተወስነው ነበር። ከደንቦቹም አንዱ የኅብረተሰቡ ግዴታ እስረኛው በተፈታ ዕለት እንደማያልቅ የሚያስገነዝብ ነው። የኢትዮጵያ ሕግም የተጻፈው ይህ አሳብ በዓለም ላይ በሚመላለስበት ሰዓት ነው።

በዚህ ሕግ ውስጥ «መሰየም» የሚል አንድ ትንሽ ክፍል ገባ። ሰየመ ማለት ስም ሰጠ ማለት ነው፤ የቃሉም ሥር ያው ስም ነው። ለሹመትም፣ ለታቦትም፣ ለሕፃንም እንጠቀምበታለን። ቅጣቱን ለጨረሰ ሰው መዋሉ ግን እጅግ ያማረ ምርጫ ነው፤ ሕጉ የሚመልስለት ገንዘብ ወይም ርስት ሳይሆን ስሙን ነውና።

የመሰየም ድንጋጌ ዛሬ በሥራ ላይ ባለው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ውስጥ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይገኛል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጣቱን የፈጸመ፣ ወይም ቅጣቱ በይርጋ የቀረለት፣ ወይም በይቅርታ የተለቀቀ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ከሆነ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለፍ አለበት። በዚህም ጊዜ ውስጥ በመልካም ጠባይ መኖሩ መታወቅ አለበት፤ የተፈረደበትንም ካሳና ኪሣራ፣ ከእርሱ ሊጠበቅ በሚችለው መጠን፣ መክፈል ይገባዋል። በልዩ ጀግንነት ወይም ለአገር በፈጸመው ከፍ ያለ ተግባር ራሱን ያስመሰገነ ሰው ግን ይህን ጊዜ ሳይጠብቅ ሊሰየም ይችላል። ከተሰየመ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ከባድ ወንጀል ሠርቶ ጽኑ እስራት የተፈረደበት እንደ ሆነ ግን መሰየሙ ይሻራል። ሕጉ ይህን ጸጋ የሚሰጠው እንደ መብት ሳይሆን ለሚገባው ሰው እንደ ዋጋ ነው።

ውጤቱስ ምንድን ነው? የተሻሩት መብቶች ለወደፊቱ ይመለሳሉ፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ከዚያም ወዲያ እንዳልነበረ ይቈጠራል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የመጨረሻው ነው። የቀድሞውን ፍርድ በክፋት አንሥቶ የሰደበው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነት ነው፣ ለሕዝብ ጥቅም ብዬ ነው» ማለትም መከላከያ አይሆነውም። እነሆ፣ ከላይ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን የጠየቅነው ነጥብ ይህ ነው። የደረቀ ደም የሚያነሣ በደለኛ ነው የሚለው የሽማግሌዎች ሥርዓትና ካሳ ሳይከፈል እርቅ የለም የሚለው ልማድ በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ላይ ተገኙ። ፕሮፌሰሩ ከጄኔቭ ቢመጡም ሕጉ ለጣና ዳር ሰው ባዕድ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር መግለጽ ይገባል። ይቅርታ፣ ምሕረትና መሰየም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምሕረት ወንጀሉን ጭምር ያነሣል፤ ፍርድ ካለም እንዳልነበረ ያደርገዋል። ይቅርታ ግን ቅጣቱን ብቻ ያስቀራል፤ ፍርዱ በመዝገብ ላይ ይኖራል፣ ሌላው ውጤቱም አይቋረጥም። በዓመት በዓል ሰሞን በይቅርታ ከማረሚያ ቤት የሚወጡ ሰዎችን ዘመድ በእልልታ ይቀበላል፤ እስረኛውም ሁሉ ነገር የተሰረዘለት ይመስለዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ለሥራ ሲያመለክት «ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከፖሊስ አምጣ» ይባላል፤ አሻራውንም ሲሰጥ የቀድሞው ፍርድ ብቅ ይላል። ይህ ሰው የተታለለ ይመስለዋል፤ የተታለለው ግን በማንም ሳይሆን ባለማወቁ ነው። የይቅርታው ደብዳቤ የእስር ቤቱን በር እንጂ የመዝገቡን ገጽ አልከፈተለትም። ለዚያ ሌላ ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ፣ እንደሚያስፈልገው የነገረው ሰው አልነበረም።

ቋንቋችንም በዚህ መካከል አልቆመም። የ1949ኙ መጽሐፍ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይባል ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተባለ። የፊተኛው ስም ሰውዬውን ያያል፣ የኋለኛው ድርጊቱን። ወህኒ ቤት የሚለውም በመንግሥት አነጋገር ማረሚያ ቤት ሆኗል። በማረሚያ ቤቶችም ሽመና፣ እንጨት ሥራና ሌላም ሙያ ይሠራል። ነገር ግን የስም መለወጥ የሚረባው የሥራ መለወጥ ሲከተለው ነው። በውስጥ ሆኖ ሸማኔ የሆነ ሰው በውጭ ተያዥ አጥቶ ከፋብሪካ ደጅ የሚመለስ ከሆነ፣ ማረሙ ለማን ነው?

ሕጉም ሳይነካ የተወው ክፍተት አለ። አንደኛ፣ መሰየም በራሱ አይመጣም፤ መጠየቅ አለበት። የሚጠይቀውም ብዙ ጊዜ ማመልከቻ መጻፍ የማይችለው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሁለትና አምስት ዓመት የተባለው የፈተና ጊዜ ሰውዬው ከሁሉ ይልቅ ሥራ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። በመልካም ጠባይ መኖሩን እንዲያስመሰክር ይጠየቃል፤ እንጀራ የሌለው ሰው ግን መልካም ጠባዩን በምን ያቆየዋል? ሦስተኛ፣ አንዱ ሕግ የከፈተውን ሌላው ሲያጠብበው ይታያል። በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ 2010 ዓ.ም. ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በእምነት ማጉደል፣ በስርቆት ወይም በማጭበርበር የተፈረደበት ሰው ለመንግሥት ሥራ ብቁ እንዳልሆነ ሲደነግግ የጊዜ ወሰን አላስቀመጠም። የተሰየመ ሰው ፍርዱ እንዳልነበረ ስለሚቈጠር ይህ ሊያግደው አይገባም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን ክርክር አውቆ የሚያቀርበው ስንቱ ነው?

ሌሎች አገሮች ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ሞክረውታል። እንግሊዞች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ባወጡት ሕግ፣ ከከባዱ ፍርድ በቀር፣ የተወሰነው ዘመን ያለ ሌላ ጥፋት ካለፈ ፍርዱ ያለ ማንም ማመልከቻ እንዲያረጅ አደረጉ። ለሕፃናት ጥበቃና ይህን ለመሰለ ሥራ ግን ልዩ ጥንቃቄ ተውለት። በአሜሪካ ደግሞ የሃዋይ ግዛት በ1998 አሠሪ ስለ ቀድሞ ፍርድ ከመጠየቁ በፊት ሰውዬውን በችሎታው መዝኖ ሊቀጥረው እንዲስማማ፣ ከዚያም ፍርዱ ከሥራው ጋር ግንኙነት እንዳለው እንዲያይ አዘዘ። ልብ እንበል፤ ኢትዮጵያ የመሰየምን ሕግ ያወጀችው ከእንግሊዙ ሕግ 17 ዓመት ቀድማ ነው። የጐደለን ሕጉን ከሰው ደጅ ማድረሱ ነው።

የበደል ተቀባዩስ? ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ቢቀር ጽሑፉ ፍትሐዊ አይሆንም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። የተሰረቀው ነጋዴ፣ ልጁ የተገደለበት አባት፣ መዝገቡ ተሰረዘ ሲባል ቅር ሊላቸው ይችላል። አሠሪውም ገንዘብ ያዥ ሲቀጥር መጠንቀቁ አያስነቅፈውም። ሕጉ ይህን አልናቀም፤ ካሳ ይከፈል፣ ጊዜ ይለፍ፣ ጠባይ ይመስከር ያለው ስለዚህ ነው። ደግሞም ሥራ የተነፈገ ሰው ወደ ቀድሞ ነገሩ ቢመለስ የሚጐዳው ሌላ ነጋዴ፣ ሌላ አባት ነው። ስለዚህ ለተበደለው መቈርቈርና ለተቀጣው ሥራ መስጠት የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም።

እንግዲህ ይህን ለምታነቡ የመሥሪያ ቤት ሹማምንት፣ መምህራንና ተማሪዎች ቀላል የሆነ ነገር ቀርቧል። ሹሙ ለጽሕፈት ቤቱ አትክልተኛ ሲቀጥር ከ10 ዓመት በፊት የተደረገ ጠብ ምን እንደሚያገባው ራሱን ይጠይቅ። የማረሚያ ቤቱም አዛዥ ለሚፈታው ሰው የመፈቻ ወረቀቱን ሲሰጥ «ከሁለት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሄደህ ስምህን መጠየቅ ትችላለህ» የሚል አንድ ቃል ይጨምርለት። መምህሩ የይቅርታንና የመሰየምን ልዩነት ያስተምር። የሕግ ተማሪም ለማይጽፈው ሰው ማመልከቻውን ይጻፍለት፤ ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለዋል። ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚነገረው መልካም ስም ትተው ስላለፉ ሰዎች ነው። ክፉ ስምም ግን እንዲሁ ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ለልጅም ይተርፋል። በካፋን ከወህኒ አምባ አውርዶ ለዙፋን ያበቃቸው የንጉሥ ልጅ መሆናቸው ነው። ሕጉ ይህንኑ ዕድል የንጉሥ ልጅ ላልሆነው ሁሉ ሰጥቷል፤ ዕድሉ እንዳለ የሚነግረው ሰው ማግኘቱ ግን የእኛ ፋንታ ነው።